ውድ ግሪል ሲገዛ ክዳኑን ከፍቶ ሆዱን ማየት ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጓሮ ያለው ቤት ከገዛን ገና አንድ ዓመታችን ነው። በበዓልና በእሁድ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም፤ አንዳንዴ ሃያ ሰው እናበላለን። ሁለት የጋዝ ግሪል አይተን መወሰን አቅቶናል። አንዱ 900 ዶላር፣ ሌላው 3,200 ዶላር ነው። ሁለቱም «ስቴንለስ ስቲል» ይላሉ፣ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። እንዲያውም ርካሹ 60,000 ቢቲዩ (በሰዓት የሚያወጣው ሙቀት መለኪያ) ሲል ውዱ 48,000 ነው የሚለው። የ2,300 ዶላሩ ልዩነት ምኑ ላይ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ልዩነት ካለ ያለው ከክዳኑ ሥር ነው። ውድ የተባለ ግሪል ሁሉ ደግሞ ውስጡ እንደ ውጪው አይደለም። ስለዚህ ወደ ሱቁ ስትመለሱ ጠንከር ያለ ማግኔትና ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ከብረቱ እንጀምር። «ስቴንለስ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ቁጥሩ ነው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለበት፤ ዝገትን በደንብ ይቋቋማል። 430 ክሮሚየም አለው፣ ኒኬል ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ውጭ ሲያድር ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። 201 ደግሞ ከኒኬሉ ብዙው በማንጋኒዝ የተተካበት ነው። ማግኔቱን ክዳኑ ላይ፣ በሮቹ ላይ፣ ከዚያም ውስጥ ያለው ሣጥን ላይ አስጠጉት። ጥብቅ ብሎ ከያዘ 430 መሆኑ አይቀርም። የታጠፈ ጠርዝ ላይ ብቻ ትንሽ ሳብ ካደረገው አትደንግጡ፤ 304ም ሲታጠፍ እንዲህ ይሆናል። ማግኔቱ ግን 304ን ከ201 አይለይም። ስለዚህ የየክፍሉን የብረት ዓይነት በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክዳኑና በሩ 304 ሆኖ ሆዱ ሌላ የሆነ ነው።

ቀጥሎ ፍርግርጉን አንሡ፣ ከሥሩ ያለውንም የሙቀት መከለያ አንሡና በርነሩን (ጋዙ የሚነድበትን ቧንቧ) እዩት። የገንዘባችሁ ዋናው ቦታ ይሄ ነው። ርካሽ በርነር ከስስ ቆርቆሮ ተጠፍጥፎ የተሠራ ቧንቧ ነው፤ ደህናው ወፍራም የ304 ቧንቧ ወይም በቅርጽ የፈሰሰ ስቴንለስ ነው። ጣታችሁን በብየዳው ላይ አሳልፉ፤ ቀዳዳዎቹ እኩል መሆናቸውን አስተውሉ። የእኛ ሥጋ ጨውም አዋዜም ቅቤም አለበት። ጨው ያዘለው ስብ የጋለ በርነር ላይ ሲንጠባጠብ ብረቱን ይበላዋል፤ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች እየሰፉ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ነበልባሉ በዚያ በኩል ይዘላል። ከዚያ በኋላ ሥጋው በአንድ በኩል ያራል፣ በሌላው ጥሬ ይቀራል። ይህን የሚያዘገየው የበርነሩ ውፍረትና ከላዩ ያለው መከለያ ነው። መከለያው ስስ ከሆነ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነውና የመለዋወጫ ዋጋውን ጠይቁ።

የፍርግርጉ ዘንግ ውፍረት 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ሦስት ኪሎ ቀዝቃዛ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲጣል ስሱ ዘንግ ወዲያው ይበርዳል፤ ሥጋው ይጣበቃል፣ በገዛ ውኃውም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ስለ ቢቲዩ፦ ትልቁ ቁጥር አያሳስታችሁ። የዋናውን መጥበሻ ስፋት በኢንች ለኩና የዋናዎቹን በርነሮች ቢቲዩ ለስፋቱ አካፍሉ። ውዱ 30 በ20 ኢንች ከሆነ 600 ካሬ ኢንች ነው፤ 48,000 ለ600 ሲካፈል 80 ይመጣል። ከ75 እስከ 100 ያለው ጥሩ ነው። በ60,000ው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የጎን ምድጃውም ይቆጠራል፤ እሱን ቀንሱ። ከላይ ያለውን የማሞቂያ መደርደሪያም በስፋቱ ውስጥ አታስገቡ። የስስ ክዳን ሙቀት በየክፍተቱ ስለሚያመልጥ ትልቅ ቁጥርም አያድነውም። ክዳኑ ድርብ መሆኑን፣ ሲዘጋ ጎንና ጎኑ መግጠሙን እዩ።

ለሃያ ሰው ስትጠብሱ አንድ ሦስተኛውን ቦታ ባዶና ያልተለኮሰ አድርጋችሁ ተዉት። በአዋዜና በቅቤ የታሸ ሥጋ እሳት ሲያስነሣ ወደዚያ ገፋ ይደረጋል። ለዚህ ቢያንስ ሦስት፣ በየራሳቸው የሚከፈቱ በርነሮች ያስፈልጋሉ። የስብ መቀበያው ትሪ ከፊት ተስቦ ቢወጣ ጥሩ ነው፤ ለማውጣት የሚያስቸግር ትሪ ሳይጸዳ ይከርማል፣ የተጠራቀመው ስብ ደግሞ አንድ ቀን ይቀጣጠላል። ለመብራትና ለሥጋ ማዞሪያ ሞተር ተጨማሪ ገንዘብ ባትከፍሉ እንመክራለን። ዋስትናውን ክፍል በክፍል አንብቡ፤ «የዕድሜ ልክ» የተባለው ክዳኑን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ውዱ በርነሩም ሣጥኑም 304 ከሆነ፣ ዘንጉም ወፍራም ከሆነ፣ በየሳምንቱ ለሚጠብስ ቤት ዋጋውን ያወጣል። 304ነቱ ከውጭ ብቻ ከሆነ ግን አትግዙት። ርካሹን ወስዶ በየጥቂት ዓመቱ በርነር መቀየር ይሻላል።

ዕቃው ቤት እንደገባ፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ፣ ይህን አድርጉ። በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ አሙቁ፤ የተቆረጠ ነጭ ዳቦ ፍርግርጉን ሙሉ ሸፍናችሁ ደርድሩ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ በየቦታው ገልብጡና ፎቶ አንሡ። ጥቁርና ነጭ ተዘበራርቆ ከወጣ ሙቀቱ እኩል አይደለም። ክዳኑ ላይ ያለው ቴርሞሜትር የሚለካው ከላይ ያለውን አየር ስለሆነ ይህን አይነግራችሁም።

ጥያቄ፦ አዲሱ ግሪሌ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ነበልባሉ እፍኝ አይሞላም። ከ250 ፋራናይት አያልፍም። ተበላሽቶ ይሆን? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። የግሪሉ ቁልፍ ክፍት ሆኖ ወይም የሲሊንደሩ ቫልቭ በፍጥነት ሲከፈት፣ ከሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት ከሚቀንሰው ክፍል) ጋር ያለው መከላከያ ጋዝ እየፈሰሰ መስሎት ፍሰቱን ያፍናል። ሁሉንም ቁልፎች ይዝጉ፣ ሲሊንደሩንም ይዝጉ፤ ሬጉሌተሩን ነቅለው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። መልሰው ገጥመው ቫልቩን በጣም በዝግታ ይክፈቱ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ክዳኑን ከፍተው ይለኩሱ። ከመለኮስዎ በፊት ግን መጋጠሚያውን እኩል ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ቀብተው አረፋ አለመነሣቱን ያረጋግጡ። ካልተስተካከለ፣ ወይም ነበልባሉ ቢጫና ሰነፍ ከሆነ፣ የበርነሩን አፍ ይመልከቱ። ሸረሪት እዚያ ድር ማድራት ትወዳለች። አየሩ ሲታገድ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በቁልፎቹ በኩል ሊነድ ስለሚችል ይህን ችላ አይበሉ፤ በቀጭን ረጅም ብሩሽ ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ግሪል ልኬ አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቼ ልሰጥ አስቤአለሁ። ይሠራል? (ከዳላስ)

መልስ፦ እንዳለ ቢላክ በደንብ አይሠራም። የአሜሪካው ሬጉሌተር መጋጠሚያ እዚያ ባለው ሲሊንደር ላይ አይገባም። በግፊት ግን ሩቅ አይደሉም፤ የአሜሪካው የፕሮፔን ግሪል የሚፈልገው 27 ሚሊባር ገደማ ሲሆን፣ የተለመደው የቤት ሬጉሌተር 28 ወይም 30 ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን የሚገጥም ሬጉሌተርና ለጋዝ የተሠራ ቱቦ እዚያው ይገዛል። ግፊቱ የሚለዋወጥ ከፍተኛ ሬጉሌተር ፈጽሞ እንዳይገጠም።

ትልቁ ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር (7,700 ጫማ) ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዳላስ የተሠራ ኖዝል (ጋዙ ወደ በርነሩ የሚወጣበት ቀዳዳ) ከአየሩ በላይ ጋዝ ይለቃል። ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሥጋው ጥላሸት ይለብሳል። በአሜሪካ የተለመደው ስሌት የሚነደውን ጋዝ በየ1,000 ጫማው 4 በመቶ መቀነስ ነው፤ ለአዲስ አበባ 30 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከመላክዎ በፊት አምራቹን ለዚህ ከፍታ የሚሆን አነስ ያለ ኖዝል ይጠይቁ፤ ኖዝሉን በቤት ውስጥ በመሰርሰሪያ ማስፋትም ሆነ መድፈን አደገኛ ነው። ሙቀቱ የሚቀንስ በመሆኑ መጀመሪያውኑ በካሬ ኢንች ወደ 100 ቢቲዩ የሚጠጋውን ይምረጡ። መብራትም ሞተርም ካለው ብዙ ጊዜ በ120 ቮልት ነውና በ220 እንዳይሰኩት ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ 304 ነው ተብሎ የገዛሁት ግሪል በስድስት ወሩ ቡናማ ነጥብ አወጣ። ተታለልኩ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። በምን ያጸዱታል? የብረት ሽቦ ፍትጊያ ትንንሽ የብረት ብናኝ ይተዋል፤ የሚዝገው ያ ብናኝ ነው። በረኪና ደግሞ ራሱን 304ን ይወጋዋል። ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ፣ የብረቱን መስመር ተከትሎ፣ ከዚያም አድርቆ መተው ይበቃል። አሁን ላለው ነጥብ የቤኪንግ ሶዳ ሊጥ ቀብተው በቀስታ ይሹት። ከለቀቀ ብረቱ ደህና ነው፤ ጉድጓድ ትቶ ከለቀቀ ግን ማግኔቱን ያውጡና ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ።