«ዛፍ ልትቆጥሪ ነው ያስተማርንሽ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ልጅቷ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ናት፣ ዘንድሮ በሆርቲካልቸር (በአትክልትና ፍራፍሬ ሙያ) ትመረቃለች። ልቧ ያለው ብዙ የሚያፈራና ገንቢነቱ የላቀ የአቮካዶና የማንጎ ዝርያ መምረጥ ላይ ነው። አባቷ «ባንክ ግቢ፣ ዛፍ ልትቆጥሪ ነው ያስተማርንሽ?» አሏት። ዱባይ ያለችው እህቷ ደግሞ ሱቅ ልክፈትልሽ ትላለች። ማስተርስ ልቀጥል ወይ፣ ነጥቤስ ይበቃል ወይ ትላለች፤ የታናናሾቿን ወጪና የጋብቻ ጉዳይም አንስታለች። ከሁሉም በላይ ያስፈራት ግን ይሄ ነው፦ «ዛፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ውጤቱን ሳላይ አረጃለሁ።»

እኔም የምቆየው እዚህች ላይ ነው። በዚህች ዓረፍተ ነገር ስንት ጎበዝ ልጅ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ አይቻለሁ።

ማዳቀልና መምረጥ አንድ አይደሉም። ሁለት ዛፍ አዳቅለሽ፣ ዘሩን ተክለሽ፣ እስኪያፈራ ጠብቀሽ፣ አብዛኛውን ቆርጠሽ ጥለሽ እንደገና መጀመር፣ አዎ፣ እሱ ዕድሜ ይበላል። መምረጥ ግን የተተከለውን አይቶ መለየት ነው። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ስለዚህ በቀበሌሽ ከፍሬ የበቀለው የየጓሮው ዛፍ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። ሌላ አገር በብዙ ገንዘብ የሚቋቋመውን ሙከራ እናቶቻችን ፍሬውን በልተው ዘሩን አጥር ሥር እየጣሉ ሠርተውልሻል።

ዛሬ ዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው ሀስ የተባለው የአቮካዶ ዝርያ የማን ሥራ መሰለሽ? ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሀስ የሚባል ፖስታ አዳይ ነው። በ1920ዎቹ ዘር ተከለ፣ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ሊቀጥልበት (ግራፍት ሊያደርግበት) ሞከረ፣ አልያዘለትም። ተወው፣ ዛፉ አፈራ፣ ቀመሱት። በ1935 ፓተንት፣ ማለትም የባለቤትነት መብት፣ አወጣበት (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ግን ዓይን ብቻ አይበቃም። የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ችግኝ ጣቢያ በገባሁ በሁለተኛ ዓመቴ አንድ ጓሮ ውስጥ ቅርንጫፉ በፍሬ የጎበጠ ዛፍ አየሁና አበድኩ። ወዲያው ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጬ አርባ ችግኝ ላይ ቀጠልኩ። በዓመቱ ስመለስ ዛፉ ላይ የነበረው ፍሬ በጣት የሚቆጠር ነው። የግቢው እማማ ሳቁብኝ፦ «እሱ እኮ ዓመት ይሰጣል፣ ዓመት ያርፋል። መቼ ጠየቅኸኝ?» ከዚያ ወዲህ ቢያንስ የሦስት ዓመት ምርት ሳልመዝን ዛፍ አላሞግስም።

ገንቢነቱንም በጣዕም ብቻ አትፍረጂ። የአቮካዶውን ሥጋ በስሱ ከትፊና 10 ግራም መዝኚ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቂው። 2.5 ግራም ከቀረሽ ደረቅ ይዘቱ 25 ከመቶ ነው። ደረቁ ከፍ ሲል ዘይቱም አብሮ ከፍ ይላል። ይርጋለም አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዘይት ለሚጨምቀው ሰው ውሃ ተሸክሞ የመጣ ትልቅ ፍሬ ምኑም አይደለም። የማንጎውን ካሮቲን (ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቀለም) ለማወቅ ቤተ ሙከራ ያስፈልግሻል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ግን ሥጋው ምን ያህል ብርቱካናማ እንደሆነ ማየትም ይረዳል።

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ የምታረጂበት ሥራ አይደለም። ዘንድሮ ዛፍ ምልክት ታደርጊያለሽ፣ በየዓመቱ መዝገብሽ ይወፍራል፣ የቀጠልሽው ችግኝ ደግሞ በሦስት በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል።

ስለ አባትሽ ትንሽ ልድፈር። አንቺው እንደጻፍሽው የትምህርትሽ ወጪ የተሸፈነው ነጋዴ የጓሯችሁን አቮካዶ በዛፍ እየገዛ ነው። ታዲያ ማን አስተማረሽ? ዛፍ! እሳቸው ዛፍ ሲንቁ አንገትሽን አትድፊ። የታናናሾችሽ ወጪ ግን እውነት ነው፣ በሕልም አይከፈልም። ስለዚህ ማስተርሱን ለጊዜው አቆይውና የግል ችግኝ ጣቢያ ግቢ። ገበያው ግራፍት የተደረገውን ሁሉ «የተዳቀለ» ይለዋል፣ አትከራከሪያቸው። ችግኝ ጣቢያ የሚጠየቀው ከቀጠልሽው መቶ ችግኝ ስንቱ እንደያዘልሽ ነው፣ እጅሽ ከተፈታ ደግሞ በጎን የራስሽን ችግኝ ትሸጫለሽ። መልካሳን የመሰለ የምርምር ማዕከል ማስታወቂያ ሲያወጣ ያኔ መዝገብሽን ይዘሽ ትወዳደሪያለሽ።

ነጥብሽ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል፣ እርሺው። እህትሽ ሱቁን ትታ ለጥላ መረብና ለጥሩ ቢላ ታበድርሽ። የጋብቻው ጉዳይ የኔ ሙያ አይደለም።

ጓሯችሁ ያለው ትልቁ ዛፍ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል ብለሻል። ነጋዴው ከመድረሱ በፊት ሚዛን ተዋሽና መዝኚው። አባትሽን ሚዛኑን ይያዙልኝ በያቸው።