ሳር ውስጥ የበቀለው ባለጭራ አበባ አቀንጭራ አይደለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ጭልጋ ነው። ለድርቆሽ ባጠርሁት ሳር ውስጥ ነሐሴ ላይ ነጣ ያለ፣ ጭራ ያለው አበባ ይወጣል። ጎረቤቴ «አቀንጭራ ነው፣ ማሽላህን ሳይጨርሰው ንቀለው» አለኝ። ልጄ ደግሞ ወዶት አንዱን ነቅሎ ግቢ ተከለው፤ ወዲያው ደረቀ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ አይንቀሉት! የላኩልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ኦርኪድ የሚባል የአበባ ተክል ነው፤ አፈር ላይ ከሚበቅሉት የመሬት ኦርኪዶች፣ ሀበናሪያ ከሚባለው ወገን። ስሙ ዛብ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ያን ቀጭንና ረጅም አበባ ላየ ሰው የበቅሎ ዛብ ትዝ ቢለው አይገርምም።

ጎረቤትዎም ከመሬት ተነስተው አልፈሩም። የሁለቱም ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አቀንጭራ ግን ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል። የኦርኪድ ዘር ደግሞ ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም። ማሽላዎን አይነካም። ማሳዎ ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው አቀንጭራ ካዩ ግን ዘር ሳይጥል ነቅለው ያቃጥሉት፣ ማሽላውንም ከጥራጥሬ ወይም ከሰሊጥ ጋር ያፈራርቁ። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችም አሉ፤ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ይጠይቁ።

አሁን አበባውን ጠጋ ብለው ይዩልኝ። የታችኛው ቅጠል፣ ከንፈር የምንለው፣ በሦስት ክር ተከፍሏል። ከጀርባው ያ ጭራ ይንጠለጠላል። ጭራው ባዶ ቱቦ ነው። ወደ ፀሐይ አድርገው ቢያዩት ጫፉ ላይ የተጠራቀመ ጣፋጭ ፈሳሽ ይታያል። ሲመሽ ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት ይመጣና ምላሱን እስከ ታች ይሰዳል። ሲመለስ የአበባው ዱቄት በሁለት ቢጫ እብጠት ሆኖ ተጣብቆበት ይወጣል። እኔ በቀጭን የሳር እንጨት ሞክሬዋለሁ፤ እብጠቶቹ እንደ ሙጫ ይይዛሉ። ከአበባው ሥር ያለው አንገት ደግሞ እንደ ፈትል የተጠማዘዘ ነው። አበባው እምቡጥ ሳለ ከንፈሩ ወደ ላይ ነበር፤ ሲያድግ ግማሽ ዙር ዞሮ ነው ወደ ታች የመጣው። ሳቲሪየም የሚባለው ዘመዱ ግን አይዞርም። ከንፈሩ እንደ ቆብ ከላይ ይቀራል፤ ከቆቡ ጀርባም ሁለት ጭራ ይወርዳል። ሜዳዎ ላይ እሱም ካለ ፎቶውን ይላኩልኝ።

የልጅዎ ተክል ለምን ደረቀ? ነቅለው ቢያዩት ከሥሩ ሁለት ድንች መሳይ ነገር አለው። አንዱ የተጨማደደ ነው፤ የዘንድሮውን አበባ ያበላው እሱ ነው። ሌላው ጠንካራና ነጭ ነው፤ የከርሞ ተክል ነው። አበባ ላይ ሳለ ሲነቀል አዲሱ ገና አልሞላም። የለመደውን ፈንገስም አጣ። ልጁን አይቆጡት፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ገድያለሁ።

ለኦርኪዱ ሲሉ ሳሩን በሙሉ ሳያጭዱ ማቆየት የለብዎትም። ሳር ከዘገየ ይገረጅፋል፣ ከብቱም አይጠግብበትም። የቀረውን በወቅቱ ይጨዱ። ኦርኪዱ ያለበትን ጥቂት ክንድ ቦታ ብቻ ፍሬው ቡናማ ሆኖ እስኪሰነጠቅ ይተውት። ማረሻ አያስገቡበት፣ መድኃኒትም አይርጩበት። ዳሩን አሁን አበባው ሳለ በድንጋይ ይክበቡት። ዝናቡ ቆሞ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ቢፈልጉት ከመሬት በላይ ምንም አያገኙም።