ኦኤስፒኤፍ ራውት ከአንዱ ኢንስታንስ ወደ ሌላው ማሻገር፦ ጥያቄና መልስ

ጁኖስ (የጁኒፐር ራውተሮች ሶፍትዌር) ላይ ኢንስታንስ (በአንድ ራውተር ውስጥ ተለይቶ የሚሠራ ክፍል) ከፍላችሁ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች ራውት፣ ማለትም ወደ ኔትወርክ የሚወስድ መንገድ፣ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) የምትጠቀሙ፣ ጠይቁ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ኢንስታንሶች ያሉት አንድ ራውተር ላይ ነው። ለምንድነው የማይተዋወቁት?

መልስ፦ እንዳይተዋወቁ ነው እኮ የለየሃቸው! እያንዳንዱ የራሱ ዳታቤዝ (ኦኤስፒኤፍ ስለ ኔትወርኩ የሰበሰበው መረጃ) እና የራሱ ቴብል (የራውቶች ዝርዝር) አለው። አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ራውተሮች ናቸው ብለህ አስብ።

ጥያቄ፦ ራውት ለማሻገር ሪብ ግሩፕ (አንድን ራውት ከአንድ በላይ ቴብል ውስጥ የሚያስገባ) ይሻላል ወይስ ኢንስታንስ-ኢምፖርት (ከሌላ ኢንስታንስ በፖሊሲ የሚቀበል)?

መልስ፦ እኔ ኢንስታንስ-ኢምፖርት ነው የምለው። ተቀባዩ ላይ ፖሊሲ ታስገባለህ፦ ከዚያኛው ኢንስታንስ፣ ኦኤስፒኤፍ የሆኑትን፣ እነዚህን ኔትወርኮች ብቻ ተቀበል፣ የቀረውን ጣል። አለቀ። ሪብ ግሩፕም ይሠራል፤ ግን ኢምፖርት-ሪብ (የቴብሎቹ ዝርዝር) ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የራውቱ የራሱ ቴብል ነው። እኔ ገልብጬው ግማሽ ቀን በልቶብኛል።

ጥያቄ፦ ራውቱ ቴብሉ ውስጥ ገብቷል፣ ጎረቤት ራውተር ግን አያየውም።

መልስ፦ የብዙ ሰው ራስ ምታት ይሄ ነው። ሾው ራውት ስትል ኦኤስፒኤፍ፣ ፕሪፈረንስ (ትንሹ ቁጥር የሚመረጥበት ደረጃ) 10 ብሎ ያሳይሃል፤ አንተም ኦኤስፒኤፍ ከሆነማ በራሱ ይሄዳል ትላለህ። አይሄድም። ራውቱ የመጣው ከሌላኛው ኢንስታንስ ዳታቤዝ ስለሆነ የዚህኛው ኦኤስፒኤፍ አያውቀውም፤ ስለዚህ እዚህኛው ኢንስታንስ ውስጥ ኦኤስፒኤፍ ስር ኤክስፖርት ፖሊሲ (ለጎረቤት ምን እንደሚነገር የሚወስን ደንብ) ጨምር። ያኔ፣ ለምሳሌ 10.20.0.0/16፣ ዓይነት 5 ኤልኤስኤ (ከውጭ የገባ ራውት የሚነገርበት የኦኤስፒኤፍ መልእክት) ሆኖ ይወጣል፣ ጎረቤቱ ጁኖስ ከሆነ ኤክስተርናል (ከውጭ የመጣ) ብሎ በፕሪፈረንስ 150 ያስገባዋል። 10 የነበረው 150 ሆነ ብለህ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ ለመጠባበቂያ ይህንኑ ሁለተኛ ራውተር ላይ ልድገመው?

መልስ፦ ድገመው፣ ግን በታግ (ራውት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ቁጥር)። አንዱ ያሻገረውን ሌላው መልሶ ወደ መጣበት እንዳያሻግር፣ ሲወጣ ታግ ለጥፍበት፣ ያንን ታግ የያዘውን ደግሞ ኢምፖርት ላይ ከልክል። ተንኮሉ ምን መሰለህ፣ ዋናው ራውት ኢንተርናል (የኦኤስፒኤፉ የራሱ) ከሆነ 10 ሁልጊዜ 150ን ስለሚያሸንፍ ሁሉም ሰላም ይመስላል። መስመሩ የወደቀ ዕለት ነው ጉዱ የሚወጣው፦ የሞተው ኔትወርክ በሌላኛው ራውተር በኩል ዞሮ ይመጣና ፓኬቱ ክብ ሲዞር ይውላል።

ጥያቄ፦ ፒንግ ይሄዳል፣ መልስ ግን የለም።

መልስ፦ የመመለሻ ራውት አሻግረሃል? ከሀ ወደ ለ ማሻገር ከለ ወደ ሀ አያሻግርም። እሱም ካለ፣ መነሻህን ተመልከት፦ ራውተሩ ላይ በቀጥታ የተሰካ ኔትወርክ ዳይሬክት ነው እንጂ ኦኤስፒኤፍ አይደለም፣ ፖሊሲህ ኦኤስፒኤፍ ብቻ ካለ አያሻግረውም። ዳይሬክትንም ጨምርበት።