«የትኛው አፕ ይሻላል?» ላላችሁኝ

ከእናቷ አራት የሚከራዩ ክፍሎች የተረከበች ልጅ ሰሞኑን «አቦ ጋሼ፣ ለአከራይ የትኛው አፕ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ግቢ ትዝ አለኝና መልሱ አፌ ላይ ቀረ።

ግቢው አራት ተከራይና አንድ የውሃ ቆጣሪ ነበረው፤ ቢሉ በሰው ቁጥር ይካፈላል። አንድ ወር ሂሳቡ እጥፍ ሆኖ መጣ። ሁሉም እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውን ሴት ጠረጠረ፤ እኔም አብሬ አጉረመረምኩ። ሴትየዋ ዕቃዋን ጭና ወጣች፤ ቢሉ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ሮቶው ሲታይ ፍሎተሩ (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ነጭ ቅርፊት ይዞት አይዘጋም፤ ሌሊት መስመሩ ሲመጣ ትርፉ ውሃ በጓሮ ቱቦ ቀጥታ ወደ ቦይ ይወርዳል። የድሬ ውሃ ኖራማ መሆኑን የየቤታችን ማንቆርቆሪያ ይመሰክራል፣ ማናችንም ግን ሮቶውን አላሰብነውም።

ይህን ለመለየት ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር። ሮቶው ከሞላ በኋላ፣ መስመሩ ውሃ እያለው፣ የግቢውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና የቆጣሪውን ትንሿን ቀስት እዩ። ከዞረች የሮቶውን መግቢያ ቫልቭ ዝጉ። ያኔ ከቆመች ጥፋቱ ፍሎተሩ ጋ ወይም ከሮቶው ወዲህ ነው፤ መዞሯን ከቀጠለች መሬት ውስጥ የፈነዳ ቱቦ ፈልጉ። መስመሩ በጠፋበት ሰዓት ከሞከራችሁ ቆጣሪው ዝም ይልና ያታልላችኋል። ፍሎተሩን ፈታችሁ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ ጎማዋ ከደረቀች ቀይሯት።

ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ስታስገቡ ከሮቶው በኋላ ይሁን። ከሮቶው በፊት ከሆነ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አየር ያሽከረክረውና ተከራዩ የአየር ሂሳብ ይከፍላል። ቆጣሪው አካል ላይ የተሳለው ቀስት ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ይይዝ፣ ቆጣሪው ሳያዘነብል ይቀመጥ። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ስለማይቆጥሩ የትንንሾቹ ድምር ከዋናው ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላለው ተከራይ ደግሞ የራሱ መስመር ዘርጉለት። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ 4 ካሬ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ይፈልጋል። በአምፖል መስመር ላይ ከሰካው ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል።

ስለ ውል ብዙ አልልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈል ይላል። አንብቡት። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ታያላችሁ እንጂ አዋጅ ገልጣችሁ አታነቡም።

አፑን በተመለከተ ደብተር ይበቃል ልል ነበር፤ ግን የእኔም ደብተር ዝናብ ከመታው ወዲህ ስልኬ ላይ ኤክሴል ነው የምጠቀመው። ቀን፣ ክፍል፣ የቆጣሪ ንባብ፣ የተከፈለ ብር፣ የባንክ ደረሰኝ ቁጥር፤ አምስት ዓምድ። ቁልፍ የሚሰጥ ቀን ተከራዩ አጠገባችሁ ቆሞ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱና እዚያው በቴሌግራም ላኩለት፤ ሲወጣም እንደዚያው።