መልስ፦ ደንበኛው እየጨመረ ትርፉ ለምን ቀነሰ?

የጠየቅከው የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ደንበኛ እያፈራ፣ የናይሮቢው እናት ኩባንያ ትርፍ በ2024 እ.ኤ.አ. ለምን እንደወረደ ነው። ዋናው ምክንያት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ።

በምሳሌ እንየው። 570 ሚሊዮን ብር የሸጠ ቅርንጫፍ በ57 ሲመነዘር 10 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ በ114 ግን 5 ሚሊዮን ብቻ። ሽያጩ አልተነካም። ክፉኛ የሚጎዳው የዶላር ዕዳ ነው፦ የ2 ሚሊዮን ዶላር ብድር ከ114 ወደ 228 ሚሊዮን ብር ያብጣል፤ ልዩነቱም ብድሩ ገና ሳይከፈል እንደ ኪሳራ ተመዝግቦ ትርፉን ይበላል። በዶላር የተዋዋሉት የዕቃ ግዢም እንዲሁ ነው።

የኩባንያውን ሪፖርት ስታነብ «በቋሚ ምንዛሪ»፣ ማለትም የምንዛሪው ዋጋ እንዳልተለወጠ ተቆጥሮ፣ የተሰላውን ዕድገት ፈልግ፤ የሥራውን ትክክለኛ ሁኔታ የምታየው እዚያ ላይ ነው።