ድምፅ የለኝም፤ ሙዚቃዊ ቲያትርን ግን መተው አልቻልኩም

ጥያቄ፦ በዚህ ዓመት በማርኬቲንግ እመረቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚቃዊ ቲያትር እወዳለሁ፤ የሚዘፈንበት ድምፅም የትወና ችሎታም ግን የለኝም። ጓደኞቼን እየጎተትኩ ቲያትር ቤት የማስገባቸው እኔ ነኝ፤ ከመግባታችን በፊት ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፣ ዘፈኖቹን አሰማቸዋለሁ። ትርዒትን ከተመልካቹ ጋር ማገናኘት እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነው? ሁለተኛ ዲግሪስ ያስፈልገኛል? አንድ የቲያትር ቡድን «ለልምድ» በነፃ እንድሠራለት ጠይቆኛል፤ እሺ ልበል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሚያስቸኩለው የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ለአንድ ትርዒት ብቻ ከሆነ፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ ከሰፈረ፣ እሺ በይ። በምትኩ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የትኬት ሽያጩን መዝገብ በየቀኑ እንድታዪ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደሠራሽ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጡሽ። ሽያጩን ደብቀው ፖስተር ለጥፊ፣ ፎቶ አንሺ ብቻ የሚሉሽ ከሆነ ጉልበትሽን ነው የፈለጉት። ሁለተኛውን ትርዒት ግን በነፃ አትንኪው። አንዴ በነፃ የለመደሽ ቡድን ደመወዝ ስትጠይቂው ይደነግጣል።

ሁለተኛ ዲግሪው ይቆይ። ሦስት አራት ትርዒቶችን ከልምምድ እስከ መዝጊያ ተከትለሽ ካየሽ በኋላ የጎደለሽን ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ያኔ ትማሪዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አዎ፣ ሥራው አለ፤ ችግሩ በአንድ ስም አለመጠራቱ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የቲያትር የፕሬስ ወኪሎችና ሥራ አስኪያጆች የራሳቸው የሠራተኛ ማኅበር ያቋቋሙት በ1928 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። ከጋዜጠኞች ጋር የሚሠራ ሰው አለ፤ ማስታወቂያ የሚያቅድ አለ፤ ለትምህርት ቤቶችና ለማኅበራት በጅምላ ትኬት የሚሸጥ አለ፤ ከተማሪዎች ጋር ስለ ትርዒቱ የሚወያይ የትምህርት ክፍል አለ፤ የትኬት ዋጋና የወንበር ካርታ ይዞ የሚውል አለ። አንቺ ጓደኞችሽን ስትጎትቺ የምትሠሪው የእነዚህን ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ ነው። የትኛው እንደሚስማማሽ ከመወሰንሽ በፊት ግን ትኬት መሸጫ መስኮት ላይ ጥቂት ወራት ብትሠሪ ደስ ይለኛል።

ለምን መስኮት? እኔ በውርደት ስለተማርኩት ነው። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ሙዚቃዊ ትርዒት ማስታወቂያ ያዝኩ። ፖስተሩ ያምር ነበር፤ የዋናዋ ተዋናይ ፊት፣ የሁሉም ስም፣ የወርቅ ቀለም ፊደል። የመጀመሪያው ሳምንት ከወንበሮቹ ግማሽ ያህሉ ባዶ ሆኑ። ዝናቡን ወቀስኩ፣ አዘጋጁን ወቀስኩ። በመጨረሻ ትኬት የምትሸጠው ሴትዮ፣ «ሰው እኮ የሚጠይቀኝ ስለ ተዋናዮቹ አይደለም፤ በስንት ሰዓት ያልቃል? ነው የሚለኝ» አለችኝ። ሰዉ የሚያስበው ወደ ቤቱ ስለሚመለስበት መንገድ ነበር። እኔ ደግሞ የማብቂያውን ሰዓት የትም ቦታ አልጻፍኩም። በማግስቱ ሰዓቱን በትልቁ ጻፍን። አዳራሹ በተአምር ሞላ ብዬ አልዋሽሽም፤ የሥራ ቀን ምሽቶቹ ግን ትንሽ ተሻሻሉ። ከዚያ ወዲህ የትርዒት ሥራ ስጀምር ስለ ትርዒቱ ከማሰቤ በፊት የማይመጣውን ሰው ነው የማስበው፤ ማነው? እንዳይመጣ የያዘው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚይዘው ገንዘብ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ በ1973 የተከፈተው ቲኬቲኤስ የተባለው ትኬት መሸጫ ያልተሸጡ ወንበሮችን በዚያው ቀን በግማሽ ዋጋ ማቅረብ ጀመረ። በ1996 ብሮድዌይ፣ ማለትም የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ዘንድ፣ የገባው «ሬንት» የተባለው ሙዚቃዊ ትርዒት ደግሞ ከዚህ የባሰ ድፍረት ነበረው፦ የፊተኞቹን ሁለት ረድፎች፣ ማለትም ሀብታም የሚቀመጥባቸውን፣ በዕለቱ በ20 ዶላር ሸጠ። ወጣቶች መንገድ ላይ እያደሩ ሲሰለፉ ነገሩ ወደ ዕጣ ተቀየረ። እዚህ ላይ ያለው ብልሃት ከርካሽነቱ ይልቅ ወንበሩ የት እንደሆነ ነው። ትርዒቱ ስለ ድሃ ወጣት አርቲስቶች ነበር፤ ተዋናዩ ቀና ሲል ፊት ለፊቱ የሚያያቸው እነሱኑ ሆኑ።

አንዳንዱን የሚይዘው ግን ፍርሃት ነው። የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ ያላት እናት፣ ልጇ ቢጮህ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እንደሚያያት ታስባለች፤ ስለዚህ ቤቷ ትቀራለች። በጥቅምት 2011 «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለው የብሮድዌይ ትርዒት ለእነዚህ ቤተሰቦች ተብሎ ታየ፤ ከፍተኛው ድምፅ ተቀነሰ፣ ዓይን የሚወጋው ብልጭታ ለዘብ አለ፣ ልጅ ሲጨነቅ ወጥቶ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ተዘጋጀ። ይህን ያሰበ ሰው ሙያተኛ ነው፤ ደመወዝም ይከፈለዋል። ማርኬቲንግ ስትማሪ ይህ የሥራሽ አካል መሆኑን ማንም አልነገረሽም ይሆናል።

ሦስተኛው አለማወቅ ነው፤ ሰዉ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። በ1972 ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው «ፒፒን» የተባለ ሙዚቃዊ ትርዒት በቀጣዩ ዓመት በቴሌቪዥን የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ አስነገረ። እስከዚያ ድረስ የብሮድዌይ ማስታወቂያ ከትርዒቱ የተወሰደ ትዕይንት አያሳይም ነበር፤ ይህኛው ዳንሱን ራሱን አሳየ። ትርዒቱ እስከ 1977 ቆይቶ 1,944 ጊዜ ታየ።

ሙዚቃዊ ቲያትር ከሌላው ቲያትር የሚለይበትን ነገር አስተውለሻል? ዘፈኑ ከመድረኩ ቀድሞ ይሄዳል። ንግግር ብቻ ያለበትን ድራማ ሰው ቤቱ ተቀምጦ አያንጎራጉረውም፤ ዘፈንን ግን ያንጎራጉራል። «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» በ1970 በአልበም ወጥቶ በ1971 ነው ብሮድዌይ የደረሰው። በእኛ ዘመን ደግሞ «ቢ ሞር ቺል» አለ፦ በ2015 ኒው ጀርሲ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። ከዚያ አልበሙን ወጣቶች በኢንተርኔት አገኙት፣ ሥዕል ሳሉለት፣ ተቀባበሉት፤ በ2018 ወደ ኒው ዮርክ መጣ፣ በ2019 ብሮድዌይ ገባ። የሞተ ትርዒት ተመልካቹ ሲያስነሣው ነው። አሁን ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ፤ መጋቢት ላይ በይፋ ተከፍቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተዘጋ። የሚያዳምጥ ጆሮ ሁሉ ትኬት አይቆርጥም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዘፈኑን መቶ ጊዜ ቢሰማም የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛለት ወላጅ ያስፈልገዋል። በስልክ ላይ ያየሽውን ጭብጨባ ወንበር ላይ ከሚቀመጥ ሰው ለይተሽ ቁጠሪ።

በዚሁ አጋጣሚ ዘፈን ስትለቂ ተጠንቀቂ። የዜማው ደራሲ፣ የግጥሙ ደራሲ፣ ዘፋኙ፣ ፕሮዲዩሰሩ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሠላሳ ሰከንድ ከቡድኑ ጋር ያጣላሻል። ይልቅ ፈቃዱን አስቀድመሽ ለምኚ። «ሲክስ» የተባለው ትርዒት ተመልካቹ የመጨረሻውን ዝማሬ በስልኩ እንዲቀርጽ ፈቀደ፤ በየምሽቱ የሚወጣው ሰው ሁሉ ማስታወቂያውን በኪሱ ይዞ ወጣ።

ለሥራ ፍለጋሽ ደግሞ አንድ ነገር ሥሪልኝ። ሙዚቃዊ ትርዒት አይተው የማያውቁ አሥር ሰዎች ፈልጊ። የቲያትር ወዳጅ አታስገቢ፤ የአሁኖቹ ጓደኞችሽም አይሆኑም፣ አበላሽተሻቸዋል። እስካሁን ለምን እንዳልሄዱ ጠይቂና ያሉትን በራሳቸው ቃል ጻፊ። ከዚያ የቻልሽውን ያህል ይዘሽ ግቢ። በእረፍት ሰዓት ምንም አትጠይቂ፤ ማን ስልኩን እንዳወጣ ብቻ ተመልከቺ። በማግስቱ ደውይ፦ የትኛው ዘፈን አፍህ ላይ ቀረ? የት ላይ ሰለቸህ? ለጎረቤትህ ብትነግረው ምን ትላለህ? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጡሽን መልስ ሳታሳምሪ ያዢው፤ እኔ እስካሁን የጻፍኳቸው ጥሩ የማስታወቂያ ዓረፍተ ነገሮች የመጡት ከዚያ ነው። ሁሉንም በሁለት ገጽ ጨርሺ።

የማይጥሙሽን ነገሮችም ስሚ። ሰው ሲዝናና አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፤ ምሽትና ቅዳሜ እሑድ የአንቺ አይደሉም። ኮንትራቱ ከትርዒቱ ጋር አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሌላ ገቢ ይኑርሽ። አንዳንዴ የማትወጂውን ትርዒት ትሸጫለሽ። ያኔ ለማን እንደሚሆን ፈልጊ እንጂ አትዋሺ፤ አሳዛኙን «በሳቅ የሚያፈነዳ» ብለሽ የጠራሽው ሰው በእረፍት ወጥቶ ለአሥር ሰው ይነግርብሻል። ሒስ መጻፍም ከፈለግሽ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ፤ ከቡድኑ ደመወዝ እየተቀበልሽ የምትጽፊውን ሒስ ማንም አያምንሽም። አዳራሽ በግብዣ ትኬት መሙላትንም አታብዢ። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ወሬው እንዲሰራጭ ይጠቅማል፤ ከለመደ ግን ሰው ግብዣ እየጠበቀ ይቀመጣል።

ማመልከቻሽን «ከልጅነቴ ጀምሮ ቲያትር እወዳለሁ» ብለሽ አትክፈቺ፤ ቲያትር ቤት የሚያመለክት ሁሉ ይወዳል። «አሥር ሰዎችን ለምን እንደማይመጡ ጠየቅኋቸው» ብለሽ ጀምሪና ሁለቱን ገጽ አያይዢ። ያ ቡድን የሽያጭ መዝገቡን አላሳይም ካለሽ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ሌላ በር እንፈልጋለን።