ከቆቃ ስንመለስ ምን ይዘን እንመጣለን? የእምቦጭ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ነኝ፤ በዓሣ ሥራ ሐይቅ ለሐይቅ ዞሬያለሁ። ጀልባና መረብ እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም እንዳያዛምቱ ምን እናድርግ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ልመልስ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ጋ ትልቅ ሐይቅ የለ። ምን አገባን?

መልስ፦ እምቦጭ ቆቃ ሐይቅ ላይ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣና ላይ ደግሞ በ2011። የእኛ ከሰም ወንዝ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ የበሬሳ ወንዝም በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። አረሙን ሽቅብ የሚያወጣው ሰው ነው፤ ለመስኖ የቆፈርነው ኩሬ ደግሞ ይመቸዋል።

ጥያቄ፦ ጀልባዬን በአይሱዙ ላመጣ ነው። ማጠብ ይበቃል?

መልስ፦ እዚያው ዳር ላይ ጀምር። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን፣ ገመዱ ውስጥ የተሰካውን ቅጠል በእጅህ ልቀም። ጀልባው ሆድ ውስጥ የቀረውን ውሃ አፍስስ፣ ሞተሩንም አንጠባጥበው። ከዚያ ጭቃውን እጠብ። ሰው ቅጠሉን ያያል፣ ጭቃውን ይረሳል። ፍሬው ያለው እዚያ ነው፤ ጥቃቅን ነው፣ ዓመታትም ይቆያል። ስለዚህ ፀሐይ ብቻዋን አትበቃም። ከታጠበ በኋላ ግን ቢያንስ 5 ቀን አድርቀው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መረብ ሳላጥብ ጠቅልዬ መጥቼ ጓሮ በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከሳምንታት በኋላ አንዲት ቡቃያ ተንሳፋ አገኘሁ። ግንዷ እንደ ፊኛ ያበጠ፣ ሥሯ ጥቁር ጸጉር የመሰለ። ባለቤቴ «አበባ ታወጣለች» ብላ ልታሳድጋት ነበር!

ጥያቄ፦ በረኪና ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ኧረ ተው! ውሃው ውስጥ ከገባ ዓሣውን ይፈጃል። ብሩሽና ንጹህ ውሃ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የዓሣ ጫጩት በጄሪካን ባመጣስ?

መልስ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኛ አካባቢ ከጀልባ ይልቅ የምፈራው ጄሪካኑን ነው። የሐይቁን ውሃ ኩሬህ ውስጥ አትገልብጥ። ጫጩቶቹን በወንፊት አውጥተህ ንጹህ የጉድጓድ ውሃ ወዳለበት ባልዲ አዛውር፤ ሙቀቱ ተቀራራቢ ይሁን። አሮጌውን ውሃ ከኩሬው ርቀህ ደረቅ መሬት ላይ ድፋው።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ውርጭ አይገድለውም?

መልስ፦ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ውሃ ውስጥ ያለው ግንዱ ከተረፈ ግን ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬማ ቆላ ናቸው፤ ውርጭ ከየት መጥቶ?

ጥያቄ፦ አንዷን ብናይስ?

መልስ፦ ሳታብብ ከነሥሯ አውጧት፣ ከውሃ ርቃ ትድረቅ፣ ከዚያ ትቃጠል። ሳትቆራርጧት!